ካሜራው ከቤት ይጀምር

በዚህ ጋዜጣችን ገጾች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ትልልቅ ጉዳይ ነው። ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርት ጥራት፣ የምግብ አዳራሹ ሽሮ ስለ መቅጠኑ ሳይቀር ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ግን ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም የገዛ ቤተ ሰብን እያነሡ ፎቶግራፍ ስለ መማር ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ እንደሚታይ እናውቃለን። ትንሽ አለመሆኑን ግን ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን፤ አንባቢም እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲፈርደን እንለምናለን።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፎቶግራፍ ማንሣት በጓደኞቻችን ዘንድ የተወደደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። አቅም ያለው ያገለገለ ካሜራ ይገዛል፤ የሌለው በስልኩ ያነሣል፤ አንዱን ካሜራ ሦስት አራት ሆነው በተራ የሚጠቀሙበትም አሉ። ይህ መልካም ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። የእኛ ክርክር ካሜራው ወደ ማን ይዞራል በሚለው ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ምጽዋት የሚጠይቁ ሽማግሌዎች፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች፣ በመርካቶ ጭነት የሚያወርዱ ጎልማሶች፣ በጎዳና የሚያድሩ ሕፃናት፤ የጀማሪው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አያልፍም። ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞርና «ይህችማ ለውድድር ትሆናለች» ይባላል።

እኛም ከእነዚሁ አንዱ ነበርን። በአንድ የበዓል ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጡ አንድ አባት ለማንሣት ተንበርክከን ስናነጣጥር፣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። አጠገባቸው ተቀምጠው የነበሩ እናት አዘን ብለው ተመለከቱንና «ልጄ፣ የወለደችህን እናት እንዲህ አድርገህ ታነሣታለህ?» ሲሉ ጠየቁን። «ይቅርታ እማማ» ብለን ከዚያ ሄድን። በመንገድ ላይ ስልካችንን ከፍተን ብንፈልግ ከአራት መቶ የበለጠ ፎቶግራፍ ተከማችቶበታል፤ የእናታችን ግን አንድም አልነበረም።

ነገሩ በዚሁ ቢቀር ኖሮ ኀፍረቱ ለእኛ ብቻ በሆነ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን አያታችን ዐረፉ። እንደሚታወቀው ለለቅሶ ቤት የሟች ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። የቁም ሣጥኑ መሳቢያ ተገለበጠ፤ አልበሙ ሁሉ ወጣ። የአክስታችን ሠርግ አለ፤ የታናሽ ወንድማችን ክርስትና አለ፤ የአጎታችን ምረቃም ከነካባው አለ። በእነዚህ ድግሶች ሁሉ አያታችን ነበሩ፤ ነገር ግን የነበሩት ጓዳ ነው። በአንዱ የሠርግ ፎቶግራፍ ጠርዝ ላይ የወጥ ድስት የያዘ እጅ ብቻ ይታያል፤ የእርሳቸው መሆኑን እናታችን በጣቱ ላይ ባለው ቀለበት ለየችው። በመጨረሻ ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ትንሽ ፎቶግራፍ ወደ ፎቶ ቤት ተወስዳ እንድትጎላ ተደረገ። በጎላች ጊዜ ፊታቸው ደበዘዘ፤ በሕይወት ሳሉ አይተንባቸው የማናውቀውን መኮሳተር ይዘው ከግድግዳው ላይ ተመለከቱን። ለቀስተኛው ሁሉ እያየ ያለቀሰው ያንን ነው። ይህን ስንጽፍ የብዙ አንባቢዎቻችንን ቤት ጭምር የምንጽፍ ይመስለናል።

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው፤ ፎቶግራፍ መማር የሚፈልግ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በገዛ ቤቱ ይማር። ይህን የምንልባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ምክንያት የሙያው ነው። ፎቶግራፍ የብርሃን ሥራ ነው ሲባል ሁላችንም እንሰማለን፤ ብርሃንን ለማወቅ ግን አንድን ፊት በልዩ ልዩ ሰዓት ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ለመንገደኛ ሰው «ነገም በዚሁ ሰዓት እዚሁ ይቀመጡልኝ» ማለት አይቻልም። እናት ግን ነገም ከነገ ወዲያም በዚያው በር አጠገብ ቡና ትቆላለች። የዛሬውን ስሕተት በማግስቱ ለማረም ከዚህ የተሻለ ቦታ አናውቅም።

የደረሰብንን እንናገር። እናታችንን መጀመሪያ ያነሣናት ነጭ ነጠላ ለብሳ ነበር፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቷ ደግሞ ከሰል ሆኖ ወጣ። ጥፋቱን በካሜራው ላይ አሳበብን። ቆይተን እንደ ተረዳነው ግን ካሜራ ነጭና ጥቁር ለይቶ የሚያውቅበት አእምሮ የለውም፤ ብርሃን ለኪው የሚያየውን ትዕይንት ሁሉ በአማካይ ግራጫ፣ ማለት ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ነገር አድርጎ ይገምታል። ነጭ ነጠላ የምስሉን አብዛኛውን ክፍል ሲይዝ መሣሪያው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ፊቱም አብሮ ይጨልማል። መድኃኒቱ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው፤ በብዙ ስልኮች ላይ ይህ የሚደረገው ፊቱን በጣት ነክቶ ብቅ የምትለውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ በመሳብ ነው። ከል የለበሰ ሰው ሲነሣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥቁሩ ልብስ መሣሪያውን ያታልለውና ብርሃን አስጨምሮ ፊቱን ያገረጣዋል፤ ስለዚህ መቀነስ ያሻል። ይህን ሁሉ ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም፤ በለቅሶው ወራት ከል፣ ከዚያም ወዲህ ነጠላ የለበሰችው እናታችን ናት።

ቤታችን እንደ ብዙዎቻችሁ ቤት አንድ ትንሽ መስኮትና አንድ በር ያለው ነው። ሰውን በሩን በስተ ጀርባው አድርጎ ማንሣት ጥላ ብቻ ያተርፋል። ያንኑ ሰው ከበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በበርጩማ ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ማስቀመጥ ግን ከማንኛውም የፎቶ ቤት መብራት ይሻላል። አምፖሉን ማጥፋትም ይገባል፤ የአምፖሉና የቀኑ ብርሃን ቀለም ስለሚለያይ አንዱ ጉንጭ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ እየመሰለ ያስቸግራል። ፍላሽ ደግሞ የቤቱን ብርሃን ገድሎ ፊቱን እንደ ግድግዳ ያደርገዋል። ቀን በስድስት ሰዓት ውጭ ማንሣት በአገራችን አይመከርም፤ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ስለምትሆን ዓይን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ጠዋት በአንድ ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ካልሆነም በበረንዳ ጥላ ሥር ማንሣት ይበጃል። እንዲሁም ስልክን ለፊት አስጠግቶ ማንሣት አፍንጫን ያገዝፋል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ያድናል። አያት ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ የሰከንድ 60ኛ ይበቃል፤ ገመድ የምትዘል ታናሽ እኅት ግን የሰከንድ 250ኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ የፈጠነ ትጠይቃለች።

በዚህ ላይ አንድ የምንጨምረው አለ። ቀለም ፎቶግራፍ በተስፋፋበት ዘመን፣ ከ1950ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት ጀምሮ፣ የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ አጣቢዎች የሚልከው መለኪያ ካርድ ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው አንዲት ነጭ ሴት ስትሆን፣ በመጀመሪያዋ ስም ካርዱ ሁሉ «ሸርሊ» ይባል ነበር። የቀለሙ ትክክለኛነት የሚፈተነው በእርሷ ቆዳ ነው፤ እርሷ ካማረች ሥራው አማረ ይባላል። የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ጠፍቶ ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ቢወጣ የሚጠየቅ አልነበረም። ዛሬ መሣሪያው ብዙ ተሻሽሏል፤ ሆኖም በመጀመሪያ የተለካው በእናቶቻችን ፊት እንዳልነበረ ማስታወስ አይከፋም። በእነርሱ ፊት መለካት የእኛ ሥራ ነው። የጠይሙንና የቀይ ዳማውን፣ በወዝ የሚያበራውንና በጢስ የደከመውን ፊት ለይተን ብናውቅ፣ ይህን ዕውቀት ከውጭ አገር የሚያመጣልን ሰው አንጠብቅም።

ሁለተኛው ምክንያት የፈቃድ ነገር ነው። እናታችንን ላንሣሽ ባልናት ጊዜ ሁሉ የምትሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ቆይ ልልበስ፤ እንዲህ ሆኜ ማን ይየኝ?» ትላለች። እኛ ደግሞ የምንፈልገው ከነሽርጧ፣ ከነዱቄቷ ነበር። ጥቂት ጊዜ ሰርቀን አነሣናት፤ ተቆጣች። በኋላ የተማርነው መላ ይህ ነው፤ መጀመሪያ እርሷ የምትፈልገውን ፎቶግራፍ ማንሣት። የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጠጉሯን ተሠርታ፣ እጆቿን አጣምራ ቀጥ ብላ ቆመች፤ በዚያው አነሣናት፤ አሳትመንም ሰጠናት። ከዚያ ወዲያ ካሜራውን ስታይ መሸሽ ተወች። አሁን ሊጥ ስታቦካ ብናነሣት «እንግዲህ እናንተ ልጆች» ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች። ታናሽ እኅታችን ግን አሁንም አንዳንዱን አይታ «አጥፋው» ትላለች፤ ምንም ቢያምር እናጠፋዋለን። አንድ ጊዜ እጅግ ያማረውን አጥፍተን ቀኑን ሙሉ ቆጭቶናል። ይሁን እንጂ ፊቱ የእርሷ ነው። በቤቱ ውስጥ «ይፈቀድልኛል?» ማለትን ያልለመደ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት አባት ይህን ቃል ከየት ያመጣዋል? ለድኻ ፈቃድ የማንጠይቀው እምቢ ሊለን አይችልም ብለን ስለምናስብ ነው፤ እናት ግን እምቢ ትላለች፤ እምቢታዋም ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የማኅደር ነው። የየቤታችን አልበም ምን ይዟል? ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምረቃ፣ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ። የሌለው ደግሞ ሥራ ነው፤ ሠራተኛውም ነው። በዚያ ሁሉ ድግስ እንጀራ የጋገረችው የለችም። ለልጆቹ ደብተር መግዣ ሲል ማታ የሚሠራው አባት ፎቶግራፍ በሚነሣበት ቀን የለም። ይልቁንም ልጆቹን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው የቤት ሠራተኛ፣ ስሟን እንኳ ካደጉ በኋላ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ በአልበሙ ውስጥ ብትገኝ ሕፃኑን ደግፋ የያዘች ክንድ ሆና ነው። እኛ ስለ ሕዝብ ኑሮ በየክርክር መድረኩ ስንናገር የምንውል ተማሪዎች፣ በገዛ ቤታችን ከሥዕሉ ውጭ የቀረውን ሕዝብ አለማየታችን ያስገርማል።

ከቤት መጀመር የጀማሪ ድክመት የሚመስለው ቢኖር የሌሎችን ታሪክ ይመልከት። የማሊው ሴይዱ ኬይታ በባማኮ የእንጨት ሥራ የሚማር ልጅ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 አጎቱ ከሴኔጋል ሲመለስ አንዲት ትንሽ ኮዳክ ካሜራ አመጣለት። ልጁም የጀመረው ቤተ ሰቡን በማንሣት ነው። በ1948 የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ፤ ዛሬ ከአፍሪካ ታላላቅ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ ሆኖ ስሙ ይጠራል። እንግሊዛዊቷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንም እንዲሁ ናት። በ1863 በ48 ዓመቷ ልጇና የልጇ ባል ካሜራ ሰጧት፤ የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል፣ የዶሮ ቤቱን ደግሞ ማንሻ ክፍል አድርጋ ዘመዶቿን፣ ጎረቤቶቿንና የቤት ሠራተኞቿን እያነሣች ተማረች።

የዚህች ሴት ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላም ትርጉም አለው። በ1868፣ በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከወደቁ በኋላ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ ጦር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በጉዞው ላይ ሳሉ ዐረፉ። ልጁ እንግሊዝ በገባበት በዚያው ዓመት ዋይት በተባለችው ደሴት ላይ ፎቶግራፍ ካነሡት አንዷ ይህችው ካሜሮን ነበረች። ሥዕሉ ግሩም ነው፤ የሙያ ጉድለት አይወጣለትም። ነገር ግን የልጁን ዓይን ያየ ሰው የሚጎድለውን ያውቃል። ካሜራው የቆመው አባትም እናትም በሌለበት፣ የእርሱ ባልሆነ አገር ነው። ልዑሉ በ1879 በ18 ዓመቱ በዚያው ሞተ። እኛ ይህን ሥዕል ባየን ቁጥር የሚመጣብን ሐሳብ፣ የሰው መልክ በወገኑ እጅ ሳይቀረጽ ሲቀር የሚቀርጸው ሌላው እንደሚሆን ነው። ሌላውም እንደሚያየው እንጂ እንደምናየው አድርጎ አይቀርጸንም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንምጣ። አንዳንድ ጓደኞቻችን «አገር ስንት ችግር እያለባት እናንተ የእናታችሁን ቡና ታነሣላችሁ?» ይሉናል። ክርክሩን አንንቀውም። የአገር ችግር መነሣት አለበት፤ ግን ማንሣትን ያላወቀ እጅ ችግሩን አያሳይም፤ ችግረኛውን ብቻ ያሳፍራል። ደግሞም የእናታችን ቡና ከአገር ውጭ አይደለም፤ የስኳሩ ዋጋ፣ ከየት እንደሚቀዳ የማይታወቀው ውሃ፣ የጠፋው መብራት ሁሉ በዚያች ረከቦት ዙሪያ አለ። ሌሎች ደግሞ «የተራ ሰው አልበም ለማን ይጠቅማል?» ይላሉ። በአገራችን በቀደመው ጊዜ የፎቶግራፍ ታሪክ ይበልጡን የቤተ መንግሥት ታሪክ ነበር፤ ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ከዐፄ ምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ማገልገላቸው የታወቀ ነው። ስለ ታላላቆቹ ብዙ አለን። ስለ ተራው ሰው ግን በፈረንጆች በ2018 የታተመውን «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለውን መጽሐፍ ያየ ሰው መልሱን አግኝቷል፤ መጽሐፉ የተዘጋጀው ከከተማው ነዋሪዎች የቤት አልበሞች ከተሰበሰቡ ፎቶግራፎች ነው። ያኔ ያነሡት ሰዎች ታሪክ እንጽፋለን ብለው አልነበረም፤ ዘመድ መስሏቸው ያነሡት ታሪክ ሆነ።

«ካሜራ የለኝም» የሚለውም ሰበብ አይሆንም። ስልክ ይበቃል። የስልክ አደጋው ሌላ ነው፤ ሲሰረቅ ወይም ሲበላሽ የያዘው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አያቶቻችን አንድ ፎቶግራፍ ተነሥተው አርባ ዓመት ያቆዩታል፤ እኛ አርባ አንሥተን አንድ ዓመት አናቆይም። ስለዚህ ማሳተም ያስፈልጋል።

በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እንዲህ እናድርግ ብለን እናሳስባለን። እያንዳንዳችን በቤቱ ብዙ ሠርቶ ጥቂት የተነሣውን ሰው እንምረጥ። ፈቃድ ጠይቀን መጀመሪያ እርሱ እንደሚፈልገው፣ ቀጥሎም በሥራው ላይ ሳለ እናንሣው። አንዱን አሳትመን ለባለቤቱ እንስጠው፤ ከጀርባውም ስም፣ ቀንና ቦታ በእርሳስ እንጻፍበት፤ በየአልበሙ «ይህ ማን ነበር?» እየተባለ የሚታለፈው ሰው የበዛው ይህን ባለማድረጋችን ነውና። ካሜራውንም ለወንድም ወይም ለእኅት ሰጥተን እኛም አብረን እንነሣ፤ አንሺው ሁልጊዜ ከሥዕሉ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ማኅበራችንም ስንመለስ በምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ቢፈቅድልን፣ ባለቤቶቻቸው የፈቀዷቸውን ብቻ ለጥፈን መምህራንም ተማሪዎችም ቢያዩአቸው ደስ ይለናል።

እኛ በበኩላችን የአያታችንን ነገር ልንመልሰው አንችልም። ከግድግዳው ላይ ያለው ያው የመታወቂያው ፎቶግራፍ ነው። ከሥሩ ግን ያንን የሠርግ ፎቶግራፍ፣ ድስት የያዘው እጅ ያለበትን፣ በአሮጌ ፍሬም አድርገን ሰቅለነዋል። እናታችን ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ስታሳይ የምትጀምረው ከእጁ ነው።

ይህን አስተያየታችንን የሚቃወም ቢኖር በሚቀጥለው እትም ቢጽፍ በደስታ እናነበዋለን፤ ነገር ግን ከመጻፉ በፊት በስልኩ ውስጥ የእናቱ ፎቶግራፍ ስንት እንዳለ ቆጥሮ እንዲመጣ እናስታውሰዋለን።